ነባር ተወዳዳሪዎችን ወደ አዲስ ምዕራፍ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች ሀዋሳ ውስጥ ወይም በዙሪያዋ የሚቀረጽ የቴሌቪዥን ውድድር ለሚያዘጋጁ ቡድኖች የተጻፉ ናቸው። ውድድሩ የምግብ ዝግጅት፣ የድምፅ፣ ወይም ተወዳዳሪዎች አብረው እየኖሩ አንዱ ሌላውን የሚያሰናብትበት ሊሆን ይችላል። ለስሌት እንዲመች 12 ተወዳዳሪ ያለውን ምዕራፍ ወስደናል። ነባር የምንለው ከዚህ በፊት በአንዱ ምዕራፍ የተወዳደረን ሰው ነው፤ ያሸነፈም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት የተሰናበተም ቢሆን።

ስንት ምዕራፍ ካለፈ በኋላ ነው ነባሮችን መመለስ የሚያዋጣው?

ትልልቆቹ ፕሮግራሞች አልቸኮሉም። ተወዳዳሪዎች ከከተማ ርቀው እየኖሩ አንዱ ሌላውን በድምፅ የሚያሰናብትበት የአሜሪካው «ሰርቫይቨር» የመጀመሪያውን የነባሮች ምዕራፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2004፣ በስምንተኛው ምዕራፉ ነው። ተወዳዳሪዎች አንድ ቤት ተዘግቶባቸው በካሜራ የሚታዩበት የአሜሪካው «ቢግ ብራዘር» በ2006 በሰባተኛው፣ «ቢግ ብራዘር አፍሪካ» በ2010 በአምስተኛው፣ የናይጄሪያው ደግሞ በ2023 በስምንተኛው ምዕራፍ ነው የመለሱት።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ለአንድ ቦታ አራት ስም ያዙ። አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አያገኝም፤ ሁለተኛዋ ወልዳለች ወይም ከአገር ወጥታለች፤ ሦስተኛው አስቀድሞ ከተመረጠ ሰው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ የሚቀረው አንድ ነው። 12 ቦታ በአራት ሲባዛ 48 ስም ይሆናል። አራት ምዕራፍ ብቻ ያለፈው ፕሮግራም በጠቅላላ ያወዳደረው 48 ሰው ነው፤ ስለዚህ መምረጥ ቀርቶ የተገኘውን ሁሉ ማስገባት ይሆናል። ከስድስት ምዕራፍ በታች ካላችሁ ስድስት ነባር ከስድስት አዲስ ጋር አድርጉት።

ነባርና አዲስን ማቀላቀል ለአዲሶቹ ፍትሐዊ ነው?

ቁጥራቸው እኩል ሲሆን፣ ቡድናቸውም ሲለይ ይሠራል። «ሰርቫይቨር» በ2008 10 አድናቂዎችን ከ10 ነባሮች ጋር አሰልፏል። «ማስተርሼፍ አውስትራሊያ» በ2022 12 አዲስና 12 ነባር አብሳይ አገናኝቷል፤ ያሸነፈችውም የ2015 አሸናፊ የነበረችው ቢሊ ማኬይ ናት።

የማይሠራው አንድ ወይም ሁለት ዝነኛ ነባር በብዙ አዲሶች መካከል መጣል ነው። በ2011 ሮብ ማሪያኖ ለአራተኛ ጊዜ «ሰርቫይቨር» ላይ ሲገባ ቡድኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተጫውተው የማያውቁ ነበሩ፤ እሱም አሸነፈ። እሱ ጥሩ ተጫዋች መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ሌሎቹ በቴሌቪዥን ሲያዩት የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ፊቱ ቆሞ መቃወም ከበዳቸው። በእኛ አገር ይህ ይብሳል። ታዋቂን ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የሚበልጠንን፣ «ተሳስተሃል» ብሎ በካሜራ ፊት መናገር ለብዙ ወጣት ነውር ነው። ስለዚህ ዝነኛ ነባር ካስገባችሁ በተቃራኒው ቡድን በዝናም በዕድሜም የሚመጥነውን አስገቡ።

ማንን እንምረጥ? ብዙ ተከታይ ያለውን?

አይደለም። ተከታይ ቁጥር ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያውን ክፍል ያሳያል፣ አምስተኛውን ግን አያሳይም። እኛ የምንመርጠው አንድ ያልተቋጨ ነገር ያለውን ሰው ነው። በመጨረሻው ዙር ወጡ ጨው በዝቶበት የተሰናበተ፣ በጓደኛዋ ተከድታ የወጣች፣ በሁለተኛው ሳምንት ታሞ የቀረ፣ አሸንፎ «ዕድል ነው» የተባለ። ተመልካቹ ስለ ሰውየው አንድ ጥያቄ ይዞ ካልተቀመጠ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ተወዳጅ ቢሆን የሚከታተለው ነገር የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቀድሞዎቹን ምዕራፎች የተላለፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተላለፈውንም ቀረጻ ተመልከቱ፤ ብዙ ሰው በኤዲቲንግ ጠፍቷል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ገጽ አዘጋጁ። ገጹ አምስት ነገር ብቻ ይይዛል፦ በየትኛው ምዕራፍ እንደተወዳደረና እንዴት እንደወጣ፣ ያልተቋጨው ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዛሬ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ከሌሎቹ ዕጩዎች ማንን በምን እንደሚያውቅ፣ ከቀረጻው ውጭ ባለው ኑሮው የሚያሳስብ ነገር። ሁለተኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ያ ሰው ገና አልደረሰም።

ከዚያ 12ቱን ገጾች ግድግዳ ላይ ለጥፉና እንደ ቡድን እዩአቸው። በጣም የተለመደው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ከየምዕራፉ በጣም ተናጋሪውን፣ በጣም ተጣዪውን ይሰበስቡና አንድ ቤት ያስገባሉ። ያ ተናጋሪ በራሱ ምዕራፍ ያማረበት፣ አጠገቡ ዝም ብሎ የሚያዳምጥና በአንድ ቃል የሚመልስ ሰው ስለነበረ ነው። 12 ተናጋሪ ሲሰበሰብ የድምፅ ባለሙያው ንግግር መለየት ያቅተዋል፣ ኤዲተሩም ታሪክ አያገኝም። ከ12ቱ ቢያንስ አራቱ ተመልካች በስም የማያስታውሳቸው፣ ሲያዩአቸው ግን «ውይ፣ እሱ!» የሚሏቸው ዓይነት ይሁኑ።

ቀድሞ የተሰናበቱትንም አትናቁ። ቀድሞ የወጣ ሰው ያልታየ ጨዋታ አለው፤ ሌሎቹም አይፈሩትም።

አሸናፊን መመለስ ይገባል?

እንደ ውድድሩ ዓይነት ነው። ተወዳዳሪ ተወዳዳሪን በሚያሰናብትበት ውድድር አንድ ወይም ሁለት አሸናፊ ብቻ ማስገባት ሰዎቹን ለመጀመሪያው ስንብት አሳልፎ መስጠት ነው። በ2004ቱ የ«ሰርቫይቨር» ምዕራፍ መጀመሪያ የወጣችው ቲና ዌሰን የቀድሞ አሸናፊ ነበረች። «አንዴ ወስዷል፣ ለሌላው ይድረስ» የሚለው ሐሳብ በማንኛውም አገር ይሠራል፤ እዚህ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ክርክር ነው። መፍትሔው ሁሉንም አሸናፊ ማድረግ ነው። «ሰርቫይቨር» በ2020 20 አሸናፊዎችን ብቻ ሰብስቦ ሽልማቱን ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ሲያሳድግ ያ ክርክር ዋጋ አጣ። በኳስ የአሸናፊዎች አሸናፊ ዋንጫን የለመደ ተመልካች ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

ዳኛ በሚያሰናብትበት ውድድር አሸናፊ ማስገባት ችግር የለውም፤ ችግሩ የዳኛው ትዝታ ነው። ያው ዳኛ ከሦስት ዓመት በፊት ያመሰገነውን ድምፅ ሲሰማ ዛሬ የሚሰማውን ሳይሆን የዚያን ጊዜውን ይመዝናል። «ማስተርሼፍ አውስትራሊያ» በ2020 24 ነባሮችን ሲመልስ ሦስቱም ዳኞች አዲስ ነበሩ። ሁሉንም መቀየር ካልቻላችሁ ከሦስቱ ሁለቱን ቀይሩ፤ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ዳኞቹ ማን እንደሠራው ሳያዩ ይቅመሱ፣ ማን እንደዘፈነ ሳያዩ ያድምጡ።

ስልኩን ማን ይደውል? ምን ይባላል?

አንድ ሰው፣ በአንድ ስልክ ቁጥር። ጥሪዎቹ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ይለቁ፤ ሳምንት ከተጎተተ የመጀመሪያው የተደወለለት ለአራተኛው ራሱ ደውሎ ይነግረዋል። የመጀመሪያው ጥሪ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ደዋዩ ፍላጎት መኖሩን፣ በተባሉት ሳምንታት ነፃ መሆን አለመሆኑን፣ ጤናውን፣ የቤተሰብ ሁኔታውን ይጠይቃል። ሌላ ስም አይጠራም። «ከእኛ ምዕራፍ ሌላ ማን አለ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ስለ ሌላ ሰው መናገር አልችልም፣ ስለ እርስዎም ለማንም አልናገርም።»

«ተመርጠሃል» የሚለው ቃል ውል ሳይፈረም ከማንም አፍ መውጣት የለበትም። «ገና እያጣራን ነው» በሉ፣ ደጋግማችሁ በሉት። ተመርጫለሁ ብሎ ሥራ የለቀቀ፣ ሱቁን የዘጋ፣ ከዕቁብ የወጣ ሰው በኋላ ቢቀነስ ጉዳቱን የሚመልስ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጥሪ የቪዲዮ ነው፣ 45 ደቂቃ ያህል። ከዚያ በፊት የምስጢር ጥበቃ ስምምነቱ ይፈረም። ሦስተኛው በአካል ነው፤ ሀዋሳ ውስጥ ከሆነ ግን ፒያሳ ካፌ ውስጥ አይሁን። ቢሮም ቢሆን ሁለት ዕጩ በአንድ ቀን አትጥሩ፤ በር ላይ ይገናኛሉ።

ነባሮች ከመግባታቸው በፊት እንዳይመሳጠሩ ምን ይደረግ?

የነባሮች ምዕራፍ የሚበላሸው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። በአዲስ ምዕራፍ ሰዎቹ አይተዋወቁም፤ ጨዋታው የሚጀምረው ካሜራ ሲበራ ነው። በነባሮች ምዕራፍ ጨዋታው የሚጀምረው እናንተ የመጀመሪያውን ስልክ ስትደውሉ ነው። የቀድሞ ተወዳዳሪዎች የጋራ የቴሌግራም ቡድን አላቸው፣ በሠርግ ይገናኛሉ፣ አብረው ማስታወቂያ ይሠራሉ። ካሜራው ሲበራ አራቱ ተማምለው ከገቡ ስምንቱ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው፤ ተመልካቹም የማያየው ስምምነት ውጤት ሲያይ «ተበልቷል» ይላል።

መከላከያው የዝምድና ሠንጠረዥ ነው። 12 ሰው 66 ጥንድ ይፈጥራል፤ 16 ሰው 120። እያንዳንዱን ጥንድ ቀለም ስጡት። ቀይ፦ የሥጋ ዘመድ፣ ባልና ሚስት ወይም የነበሩ፣ የንግድ ሸሪክ፣ ብድር ያለባቸው፣ አበልጅ፣ ሚዜ፣ አንድ ዕቁብ። ቢጫ፦ አንድ ምዕራፍ ላይ አብረው የነበሩ፣ አዘውትረው የሚደዋወሉ። ነጭ፦ የማይተዋወቁ። ቀይ ጥንድ አብሮ አይገባም፤ ውድድሩ የጥንዶች ካልሆነ በቀር። ቢጫ ጥንድ ይገባል፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሁሉም ቢጫ ከሆኑ አንዱ ይውጣ፤ ሦስት የተማመኑ ሰዎች ሁልጊዜ አራተኛ ያገኛሉ።

መረጃውን ለማግኘት «ማንን ታውቃለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ሁሉንም በሰላምታ» ነው። ነጥላችሁ ጠይቁ፦ ሠርግህ ላይ ከእነዚህ ማን ነበር? ማንን ክርስትና አንስተሃል? ባለፈው ዓመት ብር የላክህለት ወይም የላከልህ አለ? ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ የምታነቡት ስም ዝርዝር ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ የሚበልጥና የማይገቡ ሰዎችም ያሉበት ይሁን፤ አለበለዚያ ጥያቄው ራሱ ዝርዝሩን ያወጣዋል።

የሚቀጥለው የጊዜ ነገር ነው። የመጨረሻው ዝርዝር ከቀረጻ በፊት ለማንም ተወዳዳሪ አይነገር፤ እርስ በርስ የሚተያዩት ጨዋታው ሲጀመር ይሁን። ከመግባታቸው ከ48 ሰዓት በፊት ወደ ማረፊያ ይምጡ፣ በተለያየ ፎቅ ይደሩ፣ ምግብ በር ድረስ ይምጣላቸው። ስልክ በደረሱበት ማታ በፊርማ ይረከባል። ሁለተኛ ስልክና ሁለተኛ ሲም መኖሩን በግልጽ ጠይቁ፤ ብዙዎች አንዱን አስረክበው ሌላውን ሻንጣ ውስጥ ያስቀራሉ። ለቤተሰብ ደግሞ ሌሊትም ቀንም የሚነሳ አንድ ቁጥር ስጡ፤ እናቱ ታማ መስማት ያልቻለ ሰው ስልክ ቢደብቅ አይፈረድበትም።

ወሬን በውል መከልከል አይቻልም። መከልከል የሚቻለውና የሚገባው ሽልማት ለመካፈል አስቀድሞ መስማማት ነው። ይህ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፣ ቅጣቱም ከሽልማት መሰረዝ ይሁን።

ተመልካቹ ራሱ ቢመርጥስ?

ተሞክሯል። በ2006 «ቢግ ብራዘር» 20 ዕጩ አቅርቦ ስምንቱን በተመልካች ድምፅ፣ ስድስቱን በአዘጋጆች ምርጫ አስገብቷል። በ2015 «ሰርቫይቨር» 16 ሴትና 16 ወንድ አቅርቦ 20ዎቹን ሙሉ በሙሉ ተመልካች እንዲመርጥ አደረገ። ጉዳቱ ከላይ የተናገርነው ነው፦ ዕጩዎቹ በይፋ ስለሚታወቁ ድምፅ እየተሰበሰበ እነሱ ይመካከራሉ። ለዚህም ነው በ2015 ውጤቱ በቀጥታ ሥርጭት እንደተነገረ የተመረጡት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቀረጻው የሄዱት። ከውጤት እስከ ቀረጻ ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ጉዳቱ ይቀንሳል።

እኛ ከ12ቱ አራቱን ብቻ ለተመልካች መተው ይሻላል እንላለን። በአጭር ቁጥር የሚላክ ድምፅ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የሚያሸንፍበት እንዳይሆን ከአንድ ስልክ በቀን የሚቆጠረውን ድምፅ ገድቡ። ድምፅ የከተማና የብሔር ፉክክር እንዳይሆንም ዕጩዎቹን በትውልድ ቦታ ሳይሆን በተወዳደሩበት ምዕራፍ አስተዋውቁ።

የድሮ ፈተናዎችን መድገም ይቻላል?

እንዳለ አይቻልም። ነባር ተወዳዳሪ የቀድሞውን ፈተና ቤቱ ተለማምዶ ይመጣል፤ የሚደበቅ ነገር ካለም ካለፈው ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ሥራው ያው ሆኖ መለኪያው ይቀየር። በ90 ደቂቃ ዶሮ ወጥ ያዘዛችሁ ከሆነ ሽንኩርቱን ቀድሞ የተከተፈ ስጡና ሰዓቱን ወደ 60 አውርዱ፤ ወይም ሰዓቱን እንዳለ ትታችሁ ለስድስት ሰው የነበረውን ለ20 ሰው አድርጉት። 20 ሰው የሚያበላ ድስት ውስጥ ቁሌቱ በዚያው እሳት በፍጥነት አይበስልም፤ ልምድ ያለው ሰው እዚያ ላይ ይለያል።

አንድ ፈተና ግን ሆን ብላችሁ ድገሙ፦ አንዱ ነባር ቀድሞ የወደቀበትን። ከሦስተኛው ሳምንት በፊት አታምጡት፤ ተመልካቹ እንዲጠብቀው።

አንዱን ተወዳጅ ተወዳዳሪ ትንሽ ብናግዘውስ?

በፍጹም። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ የጥያቄና መልስ ውድድሮች መልስ አስቀድሞ ይሰጥባቸው እንደነበር ሲጋለጥ፣ በ1960 የዕውቀት፣ የችሎታና የዕድል ውድድርን ውጤት በድብቅ መወሰን በሕግ ተከለከለ። ነባሮች ባሉበት ምዕራፍ ጥርጣሬው የበለጠ ነው፤ አዘጋጁና ተወዳዳሪው ለዓመታት ይተዋወቃሉ። ስለዚህ ለዕጩዎች ስልክ የደወለው ሰው የጨዋታ ደንብ አይጽፍም፣ ዳኝነት ክፍል አይገባም፣ ድምፅ አይቆጥርም። ትንሽ ቡድን ይህን መለየት ከከበደው ከውጭ አንድ ታዛቢ ይቅጠርና ውጤቱን በየዙሩ አሽጎ ይፈርም።

ውሉ ምን መያዝ አለበት? የድሮው ውል አይበቃም?

አይበቃም። የድሮው ውል የድሮውን ምዕራፍ ይሸፍናል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትንና ማባዛትን ይከለክላል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የምትሰበስቡትን የጤናና የቤተሰብ መረጃ ይመለከታል። ስለዚህ ሦስት ፈቃድ ለየብቻ ይፈረም፦ ለአዲሱ ቀረጻ፣ ለቀድሞው ቀረጻ ድጋሚ አጠቃቀም፣ ለግል መረጃው። ዕጩው የሚረዳበት ቋንቋ ይሁን፤ ሲዳምኛ የሚቀለው ካለ በሲዳምኛ ይተርጎምለት። ፊርማው ላይ ሁለት ምስክር ይኑር፣ አንድ ቅጂም ይዞ ይሂድ። ቢሮ ውስጥ ወዲያው ፈርሞ እንዲወጣ አትግፉ፤ ሦስት ቀን ስጡት፣ ለጠበቃ ወይም ለሚያምነው ሰው እንዲያሳይ ንገሩት።

ክርክር የሚነሳባቸው ነገሮች ሁልጊዜ እነዚህ ናቸው፦ ሽልማቱ መቼና በምን እንደሚከፈል፣ ታክሱ ከማን ድርሻ እንደሚቆረጥ፣ ከምዕራፉ በኋላ ለስንት ወር ሌላ ጣቢያ ላይ መቅረብ እንደማይችል፣ ቢጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚችል። የመጨረሻውን ባዶ የተወ ውል አታስፈርሙ።

ለነባሮች ስንት ይከፈል? ለዝነኛው ይጨመር?

ለሁሉም እኩል የቀን አበል። ከጨዋታው ሲሰናበትም ቀረጻው እስኪያልቅ የሚቀጥል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቀድሞ መውጣትን የሚፈራው ለክብር ሳይሆን ለቤት ኪራይ ይሆናል። ለአንዱ በስውር መጨመር ሁለት ሳምንት አይቆይም፣ ይወጣል። ዝነኛው ተጨማሪ ከጠየቀ ለማስታወቂያ ሥራ የተለየ ውል ይፈረም፣ ሌሎቹም መኖሩን ይወቁ።

ከዚህ በፊት የጤና ምርመራ አልፏል፤ እንደገና ያስፈልጋል?

አዎ፣ ከዓመት በፊት የተሰጠ ወረቀት አትቀበሉ። ሐይቅ ላይ ጨዋታ ካለ ዋና መቻሉን በቃሉ አትመኑ፤ በመዋኛ ገንዳ 50 ሜትር ይዋኝ፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ ዋናተኛም ቢሆን የሕይወት አድን ጃኬት ያድርግ።

የአእምሮ ጤናው ምርመራ ከሰውነቱ ይበልጣል። ነባር ሰው መጀመሪያ ሲወጣ የተሰደበውን፣ የተሳቀበትን ያስታውሳል። ባለሙያው ከመረጣው ቡድን ውጭ ይሁን፤ የሚሰጣችሁም «ይግባ» ወይም «አይግባ» ብቻ ነው፣ ዝርዝሩ የእናንተ አይደለም። «አይግባ» ካለ አይገባም። ሰውየው የተዋረደበትን ቅጽበት እንደገና ለማሳየት ብቻ የሚመለስ ከሆነ ጤነኛም ቢሆን አትመልሱት።

ሀዋሳ ላይ መቅረጽ ምን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

መጀመሪያ ቀን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ በየዓመቱ የሚውልበት ቀን በአያንቱዎች (ከዋክብት ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ቆጠራ የሚወሰን ስለሆነ ከመደበኛው የዘመን መቁጠሪያ ላይ አታገኙትም፤ ቀኑ ሲታወጅ የበዓሉ ማክበሪያ ጉዱማሌም ሆቴሎችም ይያዛሉ። በእነዚህ ቀናት ዙሪያ 12 የታወቀ ፊት ደብቆ ማስገባት አይሞከርም።

ፊት መታወቁ ነው ዋናው። አዲስ ተወዳዳሪ በሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲበላ ማንም አያየውም። ነባሩን ግን የባጃጅ ሾፌሩ በስሙ ይጠራዋል፤ አንድ ፎቶ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ዝርዝሩ ወጣ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት 275 ኪሎ ሜትር ያህሉን በተለያየ ቀን፣ ተወዳዳሪ ከተወዳዳሪ ጋር ሳይጣመር፣ እያንዳንዱ ከአንድ የቡድኑ ሠራተኛ ጋር ይምጡ። መግቢያው ከመሸ በኋላ በጓሮ በር ይሁን፤ ምዝገባው በሠራተኛ ስም።

ሐይቁ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ማይክም ጀልባም ያውካል። የውኃ ጨዋታዎችን በጠዋት ጨርሱ። ጉማሬ ስላለ ቦታውን ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሳትማከሩ አትምረጡ፤ የት እንደሚውልና ማታ የት እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የወባ አካባቢ ስለሆነ አጎበር በሁሉም አልጋ ላይ ይኑር። ጄኔሬተሩን ከቀረጻው ቢያንስ 50 ሜትር አርቁ።

የምግብ ውድድር ከሆነ ጾምን አትርሱ። የኦርቶዶክስ ተከታይ አብሳይ ረቡዕና ዓርብ ቅቤና ሥጋ አይቀምስም፤ ሳይቀምስ ደግሞ ጨው መመጠን አይችልም። የሥጋ ፈተናን ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ አድርጉ፤ ዓቢይ ጾምንና ረመዳንን ዝለሉ። ሥጋው ደግሞ ከሁለቱም እርድ ለየብቻ ተገዝቶ፣ በተለየ ማቀዝቀዣና በተለየ ቢላዋ ይያዝ። ዓሣ ያስማማል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በጾም ዓሣ የማይበሉ ብዙ ናቸው። ይህን ሁሉ በሁለተኛው ጥሪ ላይ ጠይቁ።

ቀረጻ ሊጀመር ሲል አንዱ ቢቀርስ?

ለ12 ቦታ አራት ተጠባባቂ ያዙ፣ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ። የሚያዙት እንደ ሙሉ ተወዳዳሪ ነው፦ ውል፣ ምርመራ፣ አበል፣ ምስጢር። የቀረውን የሚተካው ፆታው የሚመሳሰል ብቻ ሳይሆን በሠንጠረዡ ላይ አዲስ ቀይ የማይፈጥር ሰው ነው፤ ስለዚህ አራቱን ከመጀመሪያው ሠንጠረዡ ውስጥ አስገቡ። ያኔ ጥንዶቹ 120 ይሆናሉ፤ አድካሚ ነው፣ ግን በመጨረሻው ሌሊት ከመገመት ይሻላል።

ከመጀመሪያው ስንብት በኋላ ተጠባባቂ አይገባም። በ2004ቱ «ሰርቫይቨር» አንዲት የቀድሞ አሸናፊ እናቷ ስለታመመች በራሷ ፈቃድ ወጥታለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰውን አትያዙ። ደንባችሁ ላይ «አንድ ሰው በራሱ ከወጣ የዚያ ሳምንት ስንብት ይቀራል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ላልተመረጡት ምን እንበል?

ስማቸው ይፋ ከመሆኑ በፊት፣ በድምፅ፣ ያው መጀመሪያ የደወለላቸው ሰው ይደውል። በጽሑፍ መልእክት አይሁን። ምክንያት አትፍጠሩ፤ «የዚህን ምዕራፍ ቡድን ስናጣምር አልገጠመም» በቂ ነው፣ እውነትም ነው። «በሚቀጥለው ትገባለህ» ግን አትበሉ።

የቀድሞ ተወዳዳሪ ነኝ፤ «ተመልሰህ እንድትገባ ተመርጠሃል» የሚል ስልክ ደረሰኝ። እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የመመዝገቢያ፣ የልብስ ወይም የጉዞ ብር ላክ ካሉህ ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛ አዘጋጅ ከተወዳዳሪ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያው ስልክ የመታወቂያ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አትስጥ፤ የሚስጥር ኮድ ደግሞ ፈጽሞ ለማንም አትስጥ። ስልኩን ዝጋና ቀድሞ በተወዳደርክበት ውል ላይ ባለው የጣቢያው ቁጥር መልሰህ ደውለህ አጣራ። ጥሪው እውነተኛ ከሆነ ደዋዩ በማጣራትህ አይቀየምም።